ንጹሕ ውኃ ውስጥ የተገኘው ዚንክ

እህት ዓለም፣ ስመጣ ካንቺ ጋር ጉዳይ አለኝ! ለሥልጠና በመጣሁበት ላቦራቶሪ ሦስት ቀን ሙሉ የሕፃናት ደም ውስጥ ያለውን ዚንክ ስለካ ውጤቱ ጣሪያ ነካ። አሠልጣኙ "እስቲ ምንም የሌለበትን ንጹሕ ውኃ ለኪ" አለኝ። እሱም ዚንክ በዚንክ! ማሽኑን ስረግም ሰውዬው እጄን አየት አድርጎ "ምን ተቀብተሽ ነው?" አይለኝ መሰለሽ! "እጅሽ እንዳይሰነጣጠቅ" ብለሽ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽው ቅባት፣ ጀርባው ላይ ዚንክ ይላል። ጓንት ሳላጠልቅ ቱቦ ስደረድር፣ ለካስ ስለካ የከረምኩት ያንቺን ቅባት ነው! እኛ ጋ ቢሆን በመብራት አሳብብ ነበር፤ እዚህ መብራት እንኳ አይጠፋም። ስልሳውንም ናሙና ከሀ ልጀምር ነው። ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀ፤ እማዬን ሳሚልኝ። ቅባቱን ግን አልጣልኩትም፤ እሁድ ላቦራቶሪው ሲዘጋ እቀባዋለሁ።