ጭነት የያዘ ተወዳዳሪ

ማክሰኞ፣ ህዳር 9። ከቀኑ 8 ሰዓት።
ምስር ለቅሜ ጨረስኩ። ባሌ ሙሄ ዛሬም ከመደቡ አልተነሳም። የጭነት መኪናዋ ተጠግና ደጃፋችን ከቆመች ሦስት ሳምንቷ። የውጫሌው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከዳገቱ ጋር አላትሞ ካስቆማት ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። እሱ ግን በሯን እንኳ አይከፍትም። የመኪናዋ ባለቤት ሐጂ ከደሴ ደወሉ። እስከ ሰኞ ካልነዳ ለሌላ ሹፌር ሊሰጧት ነው። ክፉ ሆነው አይደለም ደብተሬ፣ ሥራ ነው። ባሌ ግን ከመንዳት ሌላ ምን ያውቃል?

ልጄ ፋጤ የዓመት ፈቃድ ወጥታ መጣች፣ ላፕቶፕና ጆይስቲክ ይዛ። አዲስ የመኪና ውድድር ጌም አለኝ፣ አባዬ ይሞክረው ትላለች። የጤ/ጣቢያ ሠራተኛ ናት እኮ፣ ጌም ትጫወታለች! አልወደድኩትም። የፈራ ሰው ሌላ ግጭት አይቶ ይድናል?

ረቡዕ፣ 10። ከአስር ሰላት በኋላ።
ሞከረው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከተማው በሙሉ ክፍት ነው፣ በፈለጉበት መንዳት ነው፤ ድልድይ፣ ባሕር፣ ተራራ። መኪናዋ ቀይ፣ መሬት የምትልስ። ሌሎቹ ተተኮሱ። ሙሄ ቀኙን ይዞ ቀስ። ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ እጁን ዘርግቶ እለፍ ይለዋል፣ እዚሁ ሳሎን ተቀምጦ።
«አባዬ፣ ውድድር ነው እኮ፣ እርገጠው!»
«ጭነት ይዣለሁ» አላት።
ስምንተኛ ወጣ፣ ከስምንት። ፈገግ አለ። ስንት ጊዜው!

አርብ፣ 12። ከጁምዓ መልስ።
ከፋ። ዛሬ ደፈር ብሎ ሲነዳ የጌሟ ቀይ መኪና ቁልቁለት ላይ ገደል ገባች። ፊቱ አመድ መሰለ። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ከቤታችን በታች ወዳለው ሐይቅ ወረደ፣ ምሳ ሳይበላ። ፋጤን ጮህኩባት። እማዬ፣ መኪናዋ ትመለሳለች እኮ ትለኛለች። እውነትም መንገዱ ላይ ቆማለች፣ ጭረት እንኳ የለባትም። ውሸቱ እሱ ነው አልኳት፤ ገደል የገባ አይመለስም። ነገ ጌሙን ይዘሽልኝ ሂጂ አልኩ። አለቀሰች። ማታ ይቅርታ ጠይቄያት አውፍ ተባባልን።

ቅዳሜ፣ 13።
አይሄድም አለ ሙሄ። ራሱ ከፈተው። ያንኑ ቁልቁለት ፈልጎ ወረደ። ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ወረደ። ውድድር የለ ምን የለ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ተውኩ። ከዚያ ወሬ ጀመረ፣ የውጫሌውን አደጋ፣ ለእኔ እንኳ ያልነገረኝን። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ እሱ ዘግይቶ ኖሯል፣ ፍሬኑን ይዞ ይዞ አቃጠለው። እጄ የከዳኝ መስሎኝ ነበር አለ፤ ለካ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ሲያገኝ እንዲህ ቅልል የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። እኔንም ቀለለኝ። ወላሂ።

እነሱ ለሰላት ሲነሱ እኔም ነዳሁ። ያልገጨሁት የመብራት እንጨት የለም። ፋጤ ጌሙ ይረባል ወይ ብላ ጠየቀች። ለመቅደም ከሆነ አይረባም፤ አንዱ ውድድር ካንዱ አይለይም። ለመዞር ግን ግሩም ነው። እግረኛው ዘሎ ያመልጣል፣ አይሞትም፤ እሱን ወደድኩለት። ላምና ግመል የሌለበት መንገድ ግን የት አገር ነው?

ሰኞ፣ 15። ጠዋት 1 ሰዓት።
ትናንት ራሱ ለሐጂ ደወለ። ዛሬ ሲሚንቶ ወደ ውጫሌ። ዘይቱን አየ፣ ጎማውን መታ መታ አደረገ፣ ከሥሯ ገብቶ ወጣ። እኔም ጋቢና እገባለሁ አልኩት። ትፈሪያለሽ አለኝ። አዎ እፈራለሁ፣ ግን እመጣለሁ። በእኔ በኩል ያለውን ወንበር በጨርቅ ጠረገው።

ሞተሩ ተነሳ። ሻርፔ የታለ? ቁልቁለቱ ላይ እንዳታወሪኝ ብሎኛል። እሺ፣ እሞክራለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን የማወራው ብዙ አለኝ፣ መጀመሪያ የ… እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ!