የአባባ ጉሮሮ

ሰኞ
አባባ ድምፃቸው የለም። ዛሬ ከዘጌ በጀልባ መጡ። በር ላይ ቆመው በስሜ ሲጠሩኝ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ድምፃቸው እንዲህ ሻክሮ!
«የሐይቁ ነፋስ ነው፤ ብርድ መታኝ» አሉኝ።
በፍልሰታ ጾም ደብራቸውን ትተው መጥተው አያውቁም። ለምን መጡ?

ማክሰኞ
ጠዋት ክፍላቸው ስገባ ግድግዳ ተደግፈው፣ ተቀምጠው አንቀላፍተዋል። ትራሱ አልተነካም። ሲነቁ ሳል፤ ደረቅ ሳል። ጉሮሯቸውን መጥረግ አያቆሙም።
ቢሮ ሆኜ ሥራ አልያዝልኝ አለ። አጎቴ፣ የአባባ ታናሽ ወንድም፣ በጉሮሮ ካንሰር ነው የሞተ። የሱም በድምፅ መሻከር ጀመረ። ለባለቤቴ ነገርሁት። «አትቸኩይ» አለኝ። ራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ረቡዕ
ከሥራ ስመለስ አባባ ከቅዳሴ መጥተው፣ በልተው ጋደም ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ሽሮውን ከነቃሪያው! ብዙም ሳይቆዩ ደረታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።
«አባባ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎ?»
«ቃር ናት። ጋደም ስል ኮምጣጣ ውኃ እስከ ጉሮሮዬ ይወጣል፤ ያቃጥለኛል።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከፋሲካ ወዲህ።»
ከፋሲካ ወዲህ! ተቆጣሁ። አባቴን ተቆጥቼ አላውቅም።
«ጠበል እየጠጣሁ ነው» አሉ።
«ጠበሉንም ይጠጡ፣ ሐኪምም ይይዎት» አልኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እሺ ማለታቸው ነው ብዬ ያዝሁት።

ሐሙስ
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን ረጋ ያለች። ከስተው እንደሆነ፣ ደም አስታውከው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የለም አሉ።
«ሲውጡስ ይይዝዎታል?»
አባባ መጀመሪያ እኔን አዩ። «አልፎ አልፎ እንጀራው እዚህ ይቆምብኛል።»
ይህን ለእኔ አልነገሩኝም።
የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ጉሮሮን ሲያቃጥል ድምፅ ያሻክራል፣ ሳልም ያመጣል አለች። ሲውጡ የሚይዛቸው ነገር ግን በካሜራ መታየት አለበት። ነገ ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ።
«እሱስ ልማዴ ነው» አሉ አባባ። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልቻልሁም።
ደጅ ስንወጣ እጄን ያዙኝ። «ልሰናበትሽ ነበር የመጣሁ። እንደ ወንድሜ መስሎኝ።»


ዓርብ
ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በአፋቸው ሲያስገቡላቸው እኔ ውጭ ነበርሁ። በሩን ብቻ ሳይ ቆየሁ።
ዕጢ የለም! የምግብ ቧንቧቸው የታችኛው ክፍል ተቃጥሎ ቆስሏል። ትንሽ ናሙና ወስደዋል፤ ውጤቱ ገና ነው። «የሚያሰጋ ነገር ግን አላየሁም» አለች ሐኪሟ።
እንክብሉን ከምግብ በፊት። በአንዴ አይጥገቡ፤ በልተው ወዲያው አይጋደሙ፤ የአልጋዎን ራስጌ ከፍ ያድርጉ። ይህን ሁሉ እሺ አሉ። ቡና ይቀንሱ ስትላቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። የቡና አገር፣ የዘጌ ሰው!
«ድምፄስ?» አሉ በመጨረሻ።
«ይመለሳል ብዬ አስባለሁ፤ ጊዜ ግን ይወስዳል፣ አባባ።»
«ጊዜማ ካለኝ ምን ቸገረኝ!»
ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤታችን በባጃጅ ተመለስን። ድልድዩን ስንሻገር ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ አለቀስሁ።