በጎርፍ አስቀር የቀረችው

መተማ፣ የካቲት ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለእህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባልሽ ኸሊልስ ደኅና ነው? የገዳሪፍም ሙቀት እንደኛው ያቃጥላል ይላሉ። እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን።

የላክሽው ቃል ደረሰኝ። ግመል ነጂው ሷሊህ ገና ሳይቀመጥ፣ «ጣሊያን ወጥቷል፤ ልጄን ይዘህልኝ ና ብላለች» አለኝ። ውሃ ሰጠሁትና ስለ ሰፈራችን አወራሁለት።

ሰፈራችን ጎርፍ አስቀር እንደምታውቂው አይደለም። አባቶቻችን፣ ያንቺው በግመል ጨው፣ የኔው በበቅሎ ሰም ጭነው መጥተው፣ ወንዙ፣ ኸሩ፣ ሞልቶ መሻገሪያ ቢያጡ ነበር በማሽላ አገዳ ሁለት ጎጆ የቀለሱት። በመስከረም ጎርፉ ጎደለ፤ እነሱ ግን አልሄዱም። የሰፈሩ ስም ከዚያ ወጣ። በመካከላችን አጥር ይታጠር ሲባል እናትሽ፣ «ዶሮዎቹ ይጣሉ እንደሁ እንጂ እኛ ምን ቆርጦን!» ያሉት ትዝ ይልሻል? በረመዳን እናቴ ቀን ወጥ አትሠራም፣ ሽታው እንዳያስቸግራችሁ። በፍልሰታ እናንተ ቤት ሥጋ አይጠበስም።

አሁን ከቤታችሁ የቀረው የምሥራቁ ግድግዳ ነው። በኅዳር ቦንቡ ሲወርድ ልጅሽን መጂዳን አዝዬ ወደ ኮኪት ሸሸሁ፤ ስንመለስ ጣራው አመድ ሆኖ ጠበቀን። ቁርቁራው ግን አፍርቶ ነበር። ልጅቱ ፍሬውን እየለቀመች ዋለች።

የዛሬ አራት ዓመት በክረምት ኸሊል በጨው ጆንያ ጥይት ለአርበኞች ሲያሻግር ተደርሶበት ስትሸሹ፣ ጨቅላዋ በንዳድ ትነድ ነበር፤ ኸሩም ሞልቷል። «በዚህ ውሃ አይሆንም፣ ለኔ ተያት» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ደምለውን፣ በኩሬን፣ ከቀበርሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ ጡቴ አልደረቀም። እሷ ጡቴን ስትይዝልኝ ነው እህል የቀመስሁት።

በሃይማኖቷ አትስጊ። የኛን ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። ጎረቤታችን ሽኩር ሲያርድ ድርሻዋን ይሰጠኛል፣ በሌላ ድስት እሠራላታለሁ። የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሓንም ሚስቱ አስተምራታለች። መልኳ አንቺን ነው፤ ግትርነቷን ከኸሊል ወስዳለች።

እህቴ፣ ልጅሽን ለግመል ነጂ አሳልፌ አልሰጥም። እናንተው ኑ። ባሌ ለጣራችሁ ሣር አጭዶ ከምሯል፤ የፈረሰውም ግድግዳ ቆሞ፣ ተመርጎ ይጠብቃችኋል። እዚሁ፣ አጥር በሌለበት ግቢ፣ ሁለታችንም እያየናት ትደግ። «የለም፣ ቤታችን ገዳሪፍ ሆኗል» ካላችሁም አልቀየምም። ፋሲካን ውዬ እኔው ራሴ አመጣልሻለሁ።

ስላንቺ ነግሬያታለሁ። «ገዳሪፍ እናት አለችሽ» ስላት፣ «አንቺስ?» አለችኝ። ከሰሞኑ «አክስቴ» እንድትለኝ እያለማመድኋት ነው። ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ስትጫወት ትለዋለች፤ ወድቃ ሲያማት ግን ይጠፋባታል።

የተበተነውን ይሰብስብ፤ መንገዱን ያቅናላችሁ፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

እህትሽ፣
የመጂዳ አክስት