ያለ መሸኛ የተዛወረው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት

በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን፤ ቢጫው ጡት ማስያዣዬ ዛሬ ሊቆለፍ ሲል መንጠቆው ተነቅሎ አርፏል። የሞቱ መንስኤ፦ ሳሙና። አኮማትሮታል። ሌላ ምክንያት የለም። ሱቅ ልክፈት፣ ማስታወሻዬ።

ረቡዕ፣ 6

ሳሙናው ብሶበታል። ግራ ጡቴ ደንድኗል፣ ያቃጥላል። ጎኑ ላይ ያልነገርኩህ እብጠት ነበር፤ ያለ መሸኛ ወደ ብብቴ ተዛውሯል። ቀበሌ አያውቅም። ባለቤቴም አያውቅም፤ ሞጆ መኪናውን አቁሞ ጭነት ይጠብቃል። አክስቴ እትዬ ዘነቡ ፊቴን አይተው ምች ነው አሉ። ዳማከሴ አሽተው ቀቡኝ። እብጠቱ ቅጠል አይፈራም።

ለአንተ ብቻ፦ ከሠርጌ በፊት፣ አንድ የውበት ሳሎን ጓዳ ውስጥ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ሁለቱንም ጡቶቼን በመርፌ ጄል ሞልታልኛለች። ዕድሜ ልክ ይኖራል ብላኝ ነበር። መኖሩንስ ኖረ።

ዓርብ፣ 8፣ ከሰዓት

ሐኪም ቤት። አዳማ ላይ ብቻውን የሚታመም የለም፤ እትዬ ምርመራ ክፍል ድረስ ገብተው ከእኔ በፊት ወንበር ያዙ። ዶክተሯ ጡቴ ላይ ቀዶ ጥገና ወይ መርፌ ተደርጎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እትዬ መለሱ።

«መርፌ? ይቺ? ለክትባት እንኳ አልጋ ሥር ነው የምትደበቀው። ደረቷ የዘራችን ነው፣ ከእኔ ወርሳ ነው።»

ሁላችንም ወደ እትዬ ደረት አየን። ማስረጃ አልተገኘም። የጄሉን ነገር ሳላነሳ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። ዶክተሯ ዳሰሰች፣ ደግማ ዳሰሰች። ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ማክሰኞ ናሙና ይወሰድ አለች። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

እሑድ፣ 10

እንቅልፍ የለም። እተኛለሁ፣ እነሳለሁ፣ የታጠፈ ልብስ ፈትቼ አጥፋለሁ። እትዬ ለገብርኤል ተስለዋል። ባለቤቴ ጋ ደውለው ነግረውታል፤ ያን የሚያህል ሹፌር፣ መሪ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ጄሉ አንድ ቃል ቢተነፍስ ስንት ሰው ባረፈ። መሄድ እንጂ መናገር አልተማረም። ሳቅኩ። ሲያቃጥለኝ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ 12፣ ጠዋት፣ ሐኪም ቤት ደጅ

ተራዬ ሊደርስ ነው። እትዬን ዛሬ እዚሁ ይጠብቁኝ አልኳቸው። ለምን አሉ። መርፌ አልፈራም አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቦርሳዬን ተቀብለው፣ ታቅፈው፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

እርማት፦ ሰኞ ጥቅምት 4 በወጣው መግለጫ የጡት ማስያዣው ሞት መንስኤ ሳሙና ነው መባሉ ስህተት ነው። ሳሙናው ከደሙ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል። ትክክለኛው መንስኤ፣ ለዶክተሯ እንደሚነገረው፦ ጄል፣ በመርፌ፣ በሁለቱም በኩል፣ በገዛ ፈቃዴ። ሳሙናውን ይቅርታ እንጠይቃለን። ባለቤቴን ማታ።