ማዘር ኖ ፋይን

ውድ አባቴ፣

እርስዎ ሱዳን ከቀሩ ወዲህ የእማ አፍ የሆንኩት እኔ ነኝ። ያውቁኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣ ልጅ ነበርኩ። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ግን ሱቅም ቢሮም የምናገርላት እኔው ነኝ።

ትናንት እማ ሆዷን በቀኝ በኩል ያማት ጀመር። ነገር ሲከብድ የሚያስተረጉሙልን ጎረቤታችን አቶ አስፋ ፋብሪካ ስለነበሩ ብቻችንን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ እሱም በቅርቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ዕብራይስጡ እንደኔው ይሰባበራል። የእንግሊዝኛ መጽሐፌን እጄ ላይ ሲያይ ደስ አለውና እማን በእንግሊዝኛ እንዴት ነሽ አላት። ይህንንማ ተምሬዋለሁ፤ ለእማ ነገርኳት። አስተማሪያችን ሺራ፣ ፋይን ማለት ደህና ማለት ነው፣ እንዴት ነሽ ሲሉሽ የሚመለሰው እሱ ነው ብላናለች።

እማ ፊቷ በላብ እንደራሰ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ቤተሰብዎ ደህና ነው?» አለችው።

እኔም «ፋይን» አልኩ። ስለ ቤተሰቡ የምጠይቅበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ላቧን አይቶ ጉንፋን መስሎት ይሆናል፣ ክኒን ሰጥቶ በሩን ከፈተልን።

ኮሪደሩ ላይ እማ ቆመች። «ሕመሜን ሳይጠይቀኝ አስወጣኝ?»

«ጠይቆሻል እኮ፣ እማ። ደህና ነኝ አልሽው።»

«እሱማ ሰላምታ ነው። በሰላምታ ላይ ሕመም ይነገራል እንዴ?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ አስቀድሞ ደህና ይባላል፤ ተቀምጠን ከቆየን በኋላ ነው ምን ሆነሽ ነው የሚባለው። እሱ ሁለተኛውን አልጠየቀም።

እማ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ነጣ። እኔ ሳልጠራ ሰው ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ደግሞ ሌላ ታማሚ ገብቷል። እጄ በሩ ላይ ሲያርፍ ወረፋ ከያዙት አንዷ በዕብራይስጥ፣ «እኛስ ለጌጥ ነው የተቀመጥነው?» አለችኝ። በሩን ከፈትኩት።

የማውቀው «ማዘር ኖ ፋይን» ብቻ ነበር። እሱኑ ደጋገምኩት። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ሐኪሙ ሮጦ ወጣ። ሆዷን ሲነካት ጮኸች። ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ነበር አሉን፤ በአምቡላንስ ወስደው በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን አደረጓት።

አሁን አልጋዋ አጠገብ ነኝ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ለአባትሽ ደህና ናት በይው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን እርስዎ ሩቅ ነዎት፤ ተቀምጠው ቆይተው ምን ሆና ነው ሊሉኝ አይችሉም። ስለዚህ ሳይጠይቁኝ ነገርኩዎ። ትኩሳቷ ገና አልወረደም። ዛሬ ግን ውሃ ጠጥታለች፤ ስምዎንም ጠርታለች።

እርስዎም ሲጽፉልኝ፣ ደህና ነኝ ብለው እዚያ ላይ አያቁሙ።

ልጅዎ፣ ትሁን