የአባዬ ስም የሌለበት ዝርዝር

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 2008

ስማቸው የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ የለም።

የጊዮርጊስ ዕለት የሚጋልቡት ፈረሰኞች ዝርዝር ዛሬ ጠዋት ለፎቶ ኮፒ ሱቄ መጣ። ያመጣው የኮሚቴው ሰብሳቢ አለኸኝ ራሱ ነው። «የዝባ፣ ሃያ ቅጂ አንሺልኝ» ብሎ ወረቀቱን አስቀመጠና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። እንደ ሁልጊዜው የአባዬን ስም ከላይ ፈለግሁ። ታከለ የሚል የለም። በእሳቸው ቦታ፣ ሦስተኛው ላይ፣ «ስመኘው» ይላል። ስመኘው ማለት የአለኸኝ የእህቱ ልጅ ነው። በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው!

አባዬ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ለጊዮርጊስ የጋለቡ ሰው ናቸው። ቆሰበር ውስጥ አያ ታከለንና ዳማ ፈረሳቸውን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ታዲያ አንድ ቃል እንኳ ሳይነገራቸው ይሰረዛሉ?

አለኸኝ ሲመለስ ሃያውን ቅጂ ቆጥሬ ሰጠሁት። ሂሳቤን ተቀብዬ ሸኘሁት። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ የለውም። ፊት ለፊት ግን እርስዎ እለዋለሁ፣ ምን ይደረግ፣ ትልቅ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ሱቁን በጠዋት ዘግቼ ወደ አለኸኝ እህል መደብር ሄድኩ። ጆንያ እየሰፋ ነበር። «አባቴ ምን በድለዋችሁ ነው?» አልኩት። ቀና አላለም። «ተይው የዝባ። ለአያ ታከለም ደህና ነው» አለኝ።

ደህና ነው! ለማን ነው ደህናው? «ለእህትዎ ልጅ ነው እንጂ!» አልኩት። እህል ሊሸምቱ የመጡት ሁሉ ዞረው አዩን። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ሰውየው በወፍጮ ቤት ወረፋ እንኳ በክርክር የማይቻል ነው፤ እኔ ስሰድበው ዝም! የበደለ ሰው ዝምታ መሆኑ አይደል?

አባዬ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው «ዝርዝሩን ሰሙ?» አልኳቸው።

«ሰማሁ» አሉ።

«እና?»

«እናማ ገብሱ ተወቅቷል፣ ነይና የድርሻሽን ውሰጂ።»

አባዬ ቅር ሲላቸው ስለ ገብስ ነው የሚያወሩት።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ይህንንስ ማን ያምነኛል? ስመኘው የአባዬን ቦታ መውሰዱ ሳያንሰው፣ ዛሬ በዳማው በራሱ፣ በአባቴ ፈረስ፣ ሜዳው ላይ ሽምጥ ሲጋልብ አየሁት!

መንገዱ መሀል ቆሜ «ውረድ!» አልኩት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ነው፤ ይመልስልኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወረደ። «እሺ እታለም» ብሎ ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እዚህ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። ፈረስ ስቤ አላውቅም። ወደ አባዬ ቤት ልወስደው ስል ፈረሱ ወደ ገበያ ወሰደኝ። አንዲት ጎመን ነጋዴ ፊት ቆሞ ሁለት እስር ጎመን በላ። የዳንግላ ሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «እናት፣ ማን ማንን ነው የሚስበው?» አለኝ። ባለጌ! የጎመኑን ከፈልኩ፣ ሰው ሳቀ። ስመኘው ከኋላ ከኋላ ይከተለኝ ኖሯል፤ መጨረሻ ላይ ልጓሙን ተቀብሎኝ እስከ አባዬ ደጅ አደረሰልኝ። አመሰግነዋለሁ ብሎ ከጠበቀ ተሳስቷል።

ዓርብ፣ ጥር 20

ትናንት አቤቱታ ጻፍኩ። አንድ ገጽ፣ ባለ አራት ነጥብ፣ ወፍራም ፊደል። ዛሬ ደግሞ ሕግ አወጣሁ፤ ያልፈረመ ሰው ፎቶ ኮፒ አያነሣም። የፈተና ወረቀት የያዘ መምህር ፈረመ። ፎርም ልታስሞላ የመጣች ሙሽራ ፈረመች። አባዬን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የጥሊሊ ሰው እንኳ፣ መኪና ሊያመልጠው ሲል፣ «የት ላይ ነው የምፈርመው?» ብሎ ፈረመ።

የሰፈር ሰው ግን አንድ ነገር ሆኗል። ወረቀቱን ያነቡና እርስ በርስ ይተያያሉ። ጎረቤቴ እማማ ጥሩወርቅ «ልጄ፣ አባትሽን ጠይቀሻቸዋል?» አሉኝ። «ለመብት ጥያቄ ፈቃድ አያስፈልግም!» አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና ፈረሙ። ፈሪ ሁሉ!

ቅዳሜ፣ ጥር 21

አሸነፍን!

ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። አቤቱታውን ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበሩ። አለኸኝ ወደ እሳቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ሕዝቡ ካለ ምን እንላለን። አያ ታከለ ዘንድሮ ከሁሉም ፊት ይጋልባሉ» አለ። ከሁሉም ፊት! እልልታውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ እስካሁን ደርቋል።

አባዬ ከመቀመጫቸው ቀስ ብለው ተነሥተው እጅ ነሡ። «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ደስታ ነው። ስመኘው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ቅናት ነው።

እሑድ፣ ጥር 22

እጄን ብቆርጠው ይሻለኝ ነበር። ምላሴንም ጭምር።

የፈረሱን ግላስ፣ ያን የጀርባውን ልብስ፣ አጥቤ፣ ጥልፉን አድሼ ለአባዬ ላደርስ ሄድኩ። ቤት ውስጥ ሰው የለም። ከጓሮ ድምፅ ሰማሁና በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ አየሁ። እማዬ ዳማውን ይዛለች። አባዬ በርጩማ ላይ ቆመው እግራቸውን ወደ ኮርቻው ያነሣሉ፤ አይወጣም። ደግመው ያነሣሉ፣ አይወጣም። በሦስተኛው ወገባቸውን ይዘው አጠገባቸው ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አባቴ እንደዚህ ሲያቃስቱ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

እማዬ አየችኝና ወደ በረቱ ጎተተችኝ። ነገረችኝ። ኅዳር ላይ ከአዘና ገበያ ሲመለሱ ከፈረስ ወድቀዋል። ለእኛ «በሬ ረገጠኝ» ያሉት እሱን ነው። ዳሌያቸው ከዚያ ወዲህ አልዳነም። አባዬ ራሳቸው አቶ አለኸኝ ቤት ሄደው «ስሜን አውጣልኝ፣ ፈረሱን ለስመኘው ሰጥቻለሁ፣ ለልጆቼ ግን አንዳች እንዳትነግር» ብለው አስምለዋቸዋል። ኮሚቴው ያውቃል። እማማ ጥሩወርቅ ያውቃሉ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል! ለእኔ አፍ አውጥቶ የነገረኝ አንድ ሰው የለም! አስፈረምኳቸው፣ እያወቁ ፈረሙ! የአባቴ ምስጢር እንዳይወጣ ብለው እኔን መሳቂያ አደረጉኝ። አሁን በማን ልናደድ?

«ታዲያ ለምን ትናንት እምቢ አላሉም?» አልኳት።

«በሕዝብ ፊት ምን ይበል? ፈራሁ ይበል? አንቺ እልል እያልሽ?» አለችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ነገ ይጋልባል። ከወደቀ አይነሣም፣ የዝባ።»

በባጃጅ ወደ አቶ አለኸኝ በረርኩ። (አዎ፣ አቶ።) እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ይቅርታዬን ሰሙና «እኔ አልተቀየምኩም። ግን የአያ ታከለ ስም በሕዝብ ፊት ተነሥቷል፤ እኔ ላወርደው አልችልም። እሳቸውም ራሳቸው አይወርዱም፣ ታውቂያቸዋለሽ» አሉኝ። አውቃቸዋለሁ። ሞት ይሻላቸዋል።

ታመምኩ ልበል? ኮርቻውን ልደብቅ? ኮርቻ ቢጠፋ ሃያ ሰው ያውሳቸዋል።

ሰኞ፣ ጥር 23

አሁን ቤቴ ነኝ። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አቧራ ነው።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። አባዬን ስመኘውና አቶ አለኸኝ፣ ሰላም የሚሏቸው መስለው፣ ከግራና ከቀኝ ደግፈው ኮርቻው ላይ አወጧቸው። ነጭ ለብሰው፣ ጋሻቸውን ይዘው፣ ከሁሉም ፊት ቆመዋል። ያምራሉ። ግን ግንባራቸው በላብ ርሷል። ከኋላቸው ያለው ፈረስ ሁሉ ይረግጣል፣ ያናፋል። እምቢልታው ሊነፋ ነው።

አላሰብኩበትም። በሰው መከልከያው ገመድ ሥር ሾልኬ ሮጥኩና የዳማውን ልጓም አንቄ ያዝኩ። ጮህኩ፦ «በዛሬው ጊዮርጊስ ገዝቼዎታለሁ! እንዳይጋልቡ! ይውረዱ!»

ከዚያ ሳቁ መጣ። «ይቺ አይደለችም እንዴ ያስፈረመችን?» አለ አንዱ። «ከትናንት ወዲያ ይጋልቡ፣ ዛሬ ይውረዱ!» አለ ሌላው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። የሥጋ ዘመዶቼ ሳይቀሩ። እኔ የዝባለም፣ ልጓም እንደያዝኩ ቆሜ ተሳቀብኝ!

«ልቀቂ!» አሉ አባዬ፣ ሜዳው ዳር ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «አዋረድሽኝ! አንቺ ማነሽና ነው የምትገዝቺኝ?»

«ፈርቻለሁ። ልጅዎ ፈሪ ናት። ገዝቼዎታለሁ» አልኩ። አልለቀቅኩም።

በአዊኛ አንድ ሁለት ነገር ጨመሩልኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። አቶ አለኸኝ ቀረብ ብለው «አያ ታከለ፣ በታቦቱ ቀን፣ በስሙ ተገዝተውማ ምን ያደርጋሉ። የልጅ ነገር ነው፣ ይውረዱላት» አሉ። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ለመኑ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። አባዬ እየተቆጡ፣ እየተሳደቡ፣ እምቢ እምቢ እያሉ፣ በአራት ሰው ልመና ወረዱ። ከማያውቁት ውስጥ ማንም ስለ ዳሌያቸው አልጠረጠረም። ልጓሙን ለስመኘው አቀበሉና «አፉን አትጎትተው፣ ግራውን ይፈራል» አሉት።

ግልቢያው እስኪያልቅ ከጎኔ ትከሻዬን ተደግፈው ቆሙ። አላናገሩኝም። የሚጋልበውን ሁሉ ሲተቹ ግን ዋሉ። አንዱ እርካብ አያውቅም፣ አንዱ እንደ ጆንያ ተቀምጧል። ስመኘው ሽምጥ ሲያልፍ ብቻ «ደህና ነው» አሉ። በመንገዳችን ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ አሾፈብኝ። አንዷ «ዛሬስ ምን እንፈርምልሽ?» አለችኝ። ዋጥ አደረግኩት። በጣም መራራ ነበር።

ወደ ቤት በባጃጅ ወሰድኳቸው። ለመግባት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፣ ደገፍኳቸው። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፍ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፦

«ምነው ዘገየሽ?» አሉኝ።

ዘገየሽ! እኔ! ሁለት ወር ሙሉ ዋሽተውኝ፣ ከተማ ሙሉ ሰው አስምለውብኝ፣ ሰው ሁሉ ሥቆብኝ፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት! የምለው ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር ብዬ ሳያቸው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። እኔም ፊቴን ወደ ሌላው በኩል አዞርኩላቸው።