ከቡፌው ሥር የገባው ጠጠር

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለምናለ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ እንደምን ሰነበትክ ይባላልና እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ጉልበታቸውን ካልቆጠርነው ደህና ናቸው። የኩሽናው ጣሪያ በየክረምቱ ያፈሳል፣ አንተም በየክረምቱ እመጣለሁ ትላለህ፤ ሁለቱንም ለምደናቸዋል። የዐብደላ እህት ኩልሱም ወደ ጅዳ ስለምትሄድ ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፖስታ ትልክልኛለች። ስለዚህ ሰው ያነብብኛል ብዬ አላሳጥርልህም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጣሪያው አይደለም። እሁድ ዕለት ሰውህ እሳት ውስጥ ገብቷል። አትደንግጥ፤ የምልህ የጨዋታውን ሰውህን፣ በአያትህ ስም የሰየምከውን ኃይለ ጊዮርጊስን ነው። ወይም ደንግጥ። አንድ ቀን ብትደነግጥ ምን ይጎዳሃል?

ለአንድ ዓመት ትምህርት ብለህ እንግሊዝ ከገባህ ሁለት ዓመት አልፎሃልና ረስተኸው ይሆናል፤ ላስታውስህ። ፈረንጁ ሐኪም አገሩ ሲገባ ትቶልህ የሄደውን የጨዋታ ሳጥን አልዘጋነውም። አንዱ ይተርካል፣ ሌላው በተረቱ ውስጥ የየራሱን ሰው ሆኖ ይገባል፣ የሚደርስበትን ቁጥር ያለበት ጠጠር ይቆርጥለታል፤ ያው እንዳስተማርከን ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሳሎን እንሰበሰባለን። አንተ ስትሄድ ተራኪነቱ ለእኔ ወረደ፤ ዋሻውን የምስለውም፣ በጭራቁ አፍ የምናገረውም እኔ ነኝ። ዐብደላ በሱቁ አንዲት ክንድ ጨርቅ አጉድሎ የማያውቀው ሰው፣ እዚህ ሌባ ሆኖ ሲሰርቅ ይውላል፤ ደስ ይለዋል። ነርሷ ይመኙሽ እዚህም ቁስል ታጥባለች፤ ምስኪን፣ እሁድም አላረፈችም። አዳሙ አስማተኛው ነው፤ ደብተራው እንለዋለን። እናትህ ይህን በሰሙ ቁጥር ያማትባሉ።

የማኅበር ሰው ቢቀር ድርሻው አይቀርም፤ ተነሥቶለት ለቤቱ ይላክለታል። እኛም አንተን እንደዚያ ነው ያደረግንህ። የሄድክ ዕለት ከካፖርትህ የወለቀችውን ትልቋን ቁልፍ፣ እሷ ኃይለ ጊዮርጊስ ናት ብለን ካርታው ላይ ከመካከላችን እናስቀምጣታለን። ሰውህ አይናገርም፣ አይዋጋም፣ ብቻ በሄድንበት ይሄዳል። ዐብደላ እንኳ እስላም ሆኖ ሳለ "የማኅበርተኛ ድርሻማ ይነሣለት እንጂ" ይላል። የሌለ ሰው ተሸክሞ ዋሻ የሚገባ ከእኛ በቀር ማን አለ?

አዳሙ አሁን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ሆኗል። ካኪውን ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ደርድሮ ይመጣል፤ ከእስክሪብቶዎቹ አንዱም አይጽፍም። የጨዋታውን መጽሐፍ ከፍቶ አያውቅም፣ ስለ ጨዋታው ግን ሰውን ሁሉ ያስተምራል። ከአንተ ምን እደብቃለሁ፣ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ደግሞ ለእናትህ ቅቤ ይዞ መምጣት ጀምሯል። ቅቤው ስለ ማን እንደመጣ እናትህ አልጠፋቸውም። "ቅቤውስ ሸጋ ነው፤ ሰውዬው ነው የሻገተ" አሉኝ አንድ ቀን።

እንግዲህ እሁድ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ዋሻ ሠርቼላቸው ነበር። ካርታውን የምስለው በቀበሌ የስብሰባ ጥሪ ጀርባ ላይ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ለምን እንደሆነ አይጠፋህም። ዋሻው ውስጥ ጅብ ፊት ያላቸው ሽፍቶች አሉ። ዐብደላና ይመኙሽ ሰውህን ይዘው ገቡ። ደብተራው ግን "እኔ ስልቱን ከውጭ እመራለሁ" ብሎ በራፉ ላይ ቀረ። ሽፍቶቹ ሲከቧቸው ጊዜ አዳሙ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

"የእሳቱን ኳስ ወርውሬያለሁ" አለ።

"ወዴት?" አልኩት።

"ወደ ዋሻው ነዋ! መሃሉ ላይ።"

"መሃሉ ላይ ጓደኞችህ አሉ እኮ።"

"እሳት ጅብ ያባርራል።"

"ምነው አዳሙ፣ እኔ ጅብ ነኝ?" አለ ዐብደላ።

"ትግል መሥዋዕትነት ይጠይቃል" አለና ክንዱን አጣጠፈ። የሚሠዋው ሌላ ሰው ሲሆን አዳሙን የሚያህል ጀግና የለም።

መጽሐፉን አነበብኩለት። ያ እሳት ሜዳ ላይ ቢወረወር ልኩን ሰፍቶ ይቆማል፤ ጠባብ ቦታ ከገባ ግን ቦታውን ሞልቶ በገባበት በር ይመለሳል። ሽፍቶቹ አለቁ። ዐብደላ ጠጠሩን ጣለና ከአለት ጀርባ ተረፈ። የይመኙሽ ክንዷ ተቃጠለ። ደብተራው በራፉ ላይ እንደቆመ ጥምጣሙና ቅንድቡ ነደደ፤ ከእሁዱ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ ሁሉም ቁልፏን ማየት ጀመሩ።

"እሱስ?" አለች ይመኙሽ ቀስ ብላ።

"እሱማ ሞቷል" አለ አዳሙ። "እጅጋየሁ፣ እስከ መቼ የሌለ ሰው ተሸክመን እንዞራለን? ያለነው እንበቃለን እኮ።"

ይህን ሲል ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ። እሳቱን የወረወረው ለሽፍቶቹ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ንቄው ነበር፤ የባሰ ናቅሁት።

እናትህ መደቡ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ያልሰሙ መስለው ነበር። እንዝርቱን አቆሙና "ምነው ልጆች፣ አባቴ ምን በደላችሁና ነው ስሙን እሳት ውስጥ የጨመራችሁት?" አሉ።

"ደንቡ ይጠበቅ" አልኩ። የቀረ ሰው ጠጠር በቤተሰቡ እጅ ይጣላል፤ ደንቡን ያወጣኸው አንተው ነህ። አሥራ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ሰውህ ይተርፋል። ሃያ ፊት ያለውን ጠጠር አንሥቼ ጣልኩ። ተናድጄ ስለነበር አጠንክሬ ነው የጣልኩት። መጽሐፉን መትቶ ነጠረ፣ ከጠረጴዛው ወረደ፣ እየተንከባለለ ሄዶ ከቡፌው ሥር ገባ።

ከጠረጴዛ የወደቀ ጠጠር አይደገምም፣ የወደቀበት ይነበባል፤ ይህም ያንተው ደንብ ነው። አዳሙ የመጥረጊያ እጀታ ይዞ ተንበረከከ።

"ቁርጡን እንወቅ" አለ።

"አትንካ!"

"ደንብ ነው እኮ፣ እጅጋየሁ።"

"ደንቡ ይነበባል ይላል እንጂ አዳሙ ያንብበው አይልም። ቤቴ ነው፣ ቡፌዬ ነው፣ ተነሥ!"

ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ፣ የታዘዘ እንዳይመስል ስለ ዲሲፕሊን ትንሽ ተናገረ፣ ወጣ። ዐብደላ ደግሞ በሩ ላይ ሲደርስ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው። ደግ ሰው መሆኑን ባላውቅ በጥፊ እለው ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። "ነገሩ እስኪረጋጋ" ብለህ ከጻፍክልኝ ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ እዚህ ሳይረጋጋ እንበላለን፣ ሳይረጋጋ ሥራ እንገባለን፣ ሳይረጋጋ እናትህን ጠበል አደርሳለሁ። አንተ ግን እዚያ እሳት ዳር ተቀምጠህ እስኪረጋጋ ትጠብቃለህ። ከአዳሙ በምን ትሻላለህ? እሱም በራፍ ላይ ቆሞ ነው ስልት የሚመራው። እሱ እንኳ ቅቤ ያመጣል።

ከእሁድ ወዲህ ቤቱን ስጠርግ ቡፌው ጋ ስደርስ መጥረጊያውን እመልሳለሁ። እናትህም ምንም ሳይሉኝ እዚያ ጋ ውኃ መርጨት ትተዋል። ትናንት ጎንበስ ብዬ ላይ ነበር፤ ቀና አልኩ። አዳሙ እውነቱን ቢሆንስ? ፈራሁ፣ ምናለ። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው፣ አንተም ስለማትሰማኝ።

ቡፌውን አንተ ነህ ያስገባኸው፤ አንተው መጥተህ ታነሣዋለህ፣ የወጣውንም አንተው ታነብበዋለህ። እስከዚያ ማንም አይነካውም፣ ሰውህም አልሞተም።

እናትህ "ያወጣው እግሩ ይመልሰው" ይሉሃል። የቁስቋሟ እመቤት ከክፉ ትሰውርህ፤ ከስንፍናህም ጭምር። የእንግሊዝ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማለሁ። ካፖርትህ የላይኛው ቁልፍ የለውም፤ እኔ ጋ ናት። በቦታዋ ሌላ ቁልፍ አታስተክልበት።

ባለቤትህ
እጅጋየሁ